በካሴት የቀረች ካርቱም

እትዬ ስንዱ ካሴቱን በትንሽ ፎጣ ጠቅልለው፣ ፎጣውን ደግሞ በፌስታል አድርገው ነበር የያዙት። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ እኔ እንደ ልማዴ በጎን በር ሾልኬ ወደ ባቡር ጣቢያ ልሄድ ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። እስከዚያ ቀን ከሩቅ እጅ ከመንሳት በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

«አንቺ ነሽ አሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የድሮ ድምፅ የምታክሚው?»

«አዎ እትዬ… ማለቴ፣ የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ።»

«እንግዲያው ይቺን እዪልኝ። ወንድሜ ካለባት አለ በዪኝ። ከሌለባትም የለም በዪኝ። እንዳታባብዪኝ።»

ፌስታሉን ዘረጉልኝ። ልቀበላቸው ስይዘው ግን አልለቀቁትም። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘነው ትንሽ ቆየን።

«አይ፣ አንቺው ነይ» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ ካሴት ከቤቴ አትወጣም። ቅዳሜ ፊትዝሮይ ነይና እፊቴ አድርጊው።»

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወደ ሜልበርን የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን እንደጨረስኩ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ሥራ አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማላውቃቸውን ሰዎች እሰማለሁ፤ በግ አርቢዎች፣ የወደብ ሠራተኞች፣ የገጠር አስተማሪዎች። ያወሩኛል፣ መልስ ግን አይጠብቁብኝም። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የሚሻል ሥራ አልነበረም። ክሬጊበርን በሚባል ዳር ሰፈር ከሁለት ወጣት ሴቶች ጋር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ የሥራ ሰዓታችን ስለማይገጥም ሳምንት ሳንተያይ ብንቆይ ቅር አይለኝም ነበር። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ትልቅ ሰው ያዘዘኝን ደግሞ፣ ትክክል ባይመስለኝም፣ እሺ ብዬ መፈጸም እንጂ ሌላ አላውቅም።

ቅዳሜ ማጫወቻዬን፣ ላፕቶፔን፣ ትንንሽ መፍቻዎቼንና አንድ አዲስ ባዶ ካሴት በጀርባ ቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ባለፈው የካቲት ነው፤ ገና ረፋዱ ላይ አስፋልቱ ያቃጥላል። እትዬ ስንዱ ከመንግሥት የኪራይ ቤት ሕንፃዎች በአንደኛው፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ሶስና ናት። ነርስ ናት፤ ሥራ ልትገባ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«አንቺ ነሽ የካሴቷ ልጅ? ጉድሽ ፈላ። እስከ ማታ ሱዳንን ነው የምትሰሚው።» ወደ እናቷ ዞረች። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ሪፊውጂ ሆናችሁ፣ ፖሊስ እያባረራችሁ፣ በዚያ ሙቀት… ምኑ ነው የሚናፍቀው? አይ ዶንት ጌት ኢት።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አሉ እናቷ ሳይቆጡ። «ኤሲ ውስጥ የተወለድሽ።»

ሶስና ስቃ ወጣች። እትዬ ስንዱ በቀኝ ጎናቸው እንድቀመጥ ወንበር ሳቡልኝ። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ ቀኙም እየደከመ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። «እንግዲህ ከርሞ እንኳን የሞተ፣ ያለውንም አልሰማ» አሉኝ። ካሴቱን አሁን ያወጡት ለዚህ ነው።

ፎጣውን ሳይፈቱት ግን ወሬያቸውን ጀመሩ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከታናሽ ወንድማቸው ከካሳሁን ጋር በእግር ድንበር ተሻግረው፣ ካርቱም ውስጥ ሐበሻ የሚበዛበት ዴም የሚባል ሰፈር አምስት ዓመት ኖረዋል። የስደት ታሪክ ስሰማ ሐዘን ነበር የምጠብቀው። እሳቸው ግን ስለ ካርቱም ሲያወሩ ሰው ስለ ልጅነት ቤቱ እንደሚያወራው ነው።

«በካርቱም እኮ በሙቀት ጊዜ ማንም ከቤት ውስጥ አይተኛም። ፀሐይ ስትገባ አልጋው ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል። ጎረቤትሽ ሲያስነጥስ ይማርህ ትይዋለሽ፤ ግንቡ አጭር ነው። በየደጁ ደግሞ ዚር አለ። ዚር ታውቂያለሽ? ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፣ ውሃው ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል። ማንም መንገደኛ ቆሞ ይጠጣል፣ ማንነትህ ምንድን ነው የሚለው የለም። በሮመዳን ጊዜማ ጀንበር ስትጠልቅ ምንጣፍ መንገድ ላይ አንጥፈው አላፊውን ሁሉ እጁን ይዘው ይጎትቱታል። ካሱ አንድ ቀን 'እኔ ክርስቲያን ነኝ' ቢላቸው 'ክርስቲያን ሆድ የለውም?' ብለው አስቀመጡት።»

«ፖሊስስ?» አልኩ፤ ሶስና ያለችው ትዝ ብሎኝ።

«ፖሊስማ ነበር። ወረቀት የለሽም ብለው በመኪና አፍሰው ይወስዱሻል። ሁለት ጊዜ ተወስጃለሁ። እሱም እውነት ነው፣ ይሄም እውነት ነው። ልጄ አንዱን ብቻ ካልመረጥሽ ትለኛለች።»

ከዚያ ወደ ካሴቱ መጡ። ወደ አውስትራሊያ መሄድ መጀመሪያ የተሳካላቸው እሳቸው ነበሩ። ካሳሁን ጉዳዩ እስኪያልቅ ካርቱም ቀረ። ደብዳቤ መጻፍ ስለሚታክታቸው በካሴት ይላላኩ ጀመር። አንዲት ካሴት ነበረቻቸው፤ በመንገደኛ እጅ ካርቱምና ሜልበርን ትመላለሳለች። እሱ በአንዱ ጎን ይናገርና ይልካል፤ እሳቸው ይሰሙና በእሱ ድምፅ ላይ መልሳቸውን ሞልተው ይመልሳሉ፤ እሱም ሰምቶ በእሳቸው ላይ ይሞላል። ሌላው ጎን የሱዳን ዘፈን ስለሆነ አይነካም።

«በላዩ ላይ?» አልኩ። ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሳይጠፋ እንዲቆይ የምደክም ሰው ነኝና አመለጠኝ።

«በላዩ ላይ። ማን የሚያስቀምጥ መሰለሽ? ነገ ሌላ ይመጣል ብለን ነዋ።»

የመጨረሻው የካሳሁን ካሴት ሲደርሳቸው አንድ ጊዜ ሰሙት፤ ያንኑ ዕለት መልሳቸውን ሞሉበት። ካሴቱን የሚያደርሰው ሰው ሳይነሣ መርዶው ቀደመ። ወባ ነው አሉ፤ በአራት ቀን። ከዚያ ወዲህ ካሴቷ ተከፍታ አታውቅም።

«ምን ልሰማ ልክፈታት? ለሞተ ሰው የማወራውን እኔን? የሱን ድምፅ በገዛ አፌ አጠፋሁት። ፎቶው አለ፤ ድምፁ ግን እንዴት እንደነበረ ጠፍቶብኛል። ወፍራም ይሁን ቀጭን እንኳን…» ፎጣውን ፈቱት። «አንዲት ቃል ብትቀር። መቼም ጫፏ ላይ አንዲት ቃል ትቀራለች፣ አይደል?»

አላውቅም አልኳቸው። እንዳላባብል ታዝዣለሁ።

ካሴቱ ተጎድቷል። ክሩን ከማንበቢያው ጋር የምታገናኘው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃለች፤ ክሩም ከጥቅልሉ ጫፍ ተበጥሷል። እንዲሁ ቢከፈት ማጫወቻው ክሩን ይበላው ነበር። አምስቱን ብሎኖች ፈትቼ ክዳኑን ሳነሣ ውስጡ በደቃቅ አቧራ ተሸፍኗል፤ ሸክላ የመሰለ፣ እንደ ዱቄት የላመ። በሥራ ቦታዬ እንደለመድኩት በጥጥ ጠርጌ አወጣሁትና ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ጥቅልሉን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ አዲሱ ካሴት ቀፎ አዛወርኩ፤ የተበጠሰውን ጫፍ ቀጠልኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ።

ማጫወቻውን እንዲገለበጥ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ ከፈትኩ። መጀመሪያ ሹክሹክታ የመሰለ የክር ድምፅ፣ ቀጥሎ የአንዲት ወጣት ሴት ጉሮሮ መጥረግ።

«ካሱ፣ እንደምን ሰንብተሃል። እኔ ደህና ነኝ። መቼ ትመጣለህ? እሱን አልተናገርክም።»

ዞሬ አየኋቸው። ከማጫወቻው የምትወጣው ልጅ በዕድሜ እኔን ታክላለች፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ደግሞ ሽበታቸው በሻሽ ተሸፍኗል። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ከመጀመሪያዋ ቃል በፊት አንዲት የካሳሁን ቃል አልነበረችም፤ እትዬ ስንዱ ያንን ሲያውቁ አገጫቸው ላይ የነበረው እጃቸው ወረደ።

ልጂቱ ግን ታወራለች። ፎርም ሞልታለታለች። ፋብሪካ ገብታለች። ትራም ውስጥ ሰው ሰላም ብትል እንደ እብድ አዩአት። ጫማውን ካልቀየረ፣ ያንን የጎማ ጫማ አድርጎ አውሮፕላን ላይ ቢወጣ፣ አላውቀውም ልትል ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ትንፋሽ ሳትወስድ አወራች።

«በል ደህና ሁን። ከሐጃ በቱል ቤት ስትበላ አታፍሰው፤ ታሳፍረናለህ» አለችና ወንበር ተንቀሳቀሰ። የእግር ኮቴ ራቀ። ከዚያ ምንም።

«በቃ» አሉ እትዬ ስንዱ። «እኔው ብቻ ነኝ። አጥፊው።»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። የምሠራበት ቦታ አንድ ደንብ አለው፤ ክር ሳያልቅ አይቆምም፣ ባዶ ቢመስልም። እዚህ ግን ሥራ ቦታዬ አይደለሁም፤ የሰው ቤት ነኝ፣ የታዘዝኩትም በባለቤቷ ነው።

«ልጄ፣ አጥፊው ብዬሻለሁ። ብቻዬን ልቀመጥና ላልቅስ፤ አንቺም ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። አላጠፋም።»

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ለማመን አሁንም ይቸግረኛል። ድምፄ ቀጥኖ ነበር የወጣው። አፍጥጠው አዩኝ።

«ይስሙ» አልኩ። «ባዶ ክር እንዲህ አይሰማም። ይሄ ቤት ነው። ቧንቧ ይፈስሳል። ይኸው፣ የትራም ደወል። እርስዎ ቁልፉን ሳይዘጉ ነው ተነሥተው የሄዱት፤ ማሽኑ ባዶ ቤቱን እየቀዳ ነው።»

«ወጥ ልይ ሄጄ ነበር። ስመለስ አጠፋሁት። እስኪያልቅ ሄዷል ብዬ…»

«አይተውት ነበር? ማለቁን?»

«ኧረ እኔ መች አየሁ።»

በካሴቱ መስኮት በኩል በግራ ያለውን ጥቅልል ተመለከትኩ። ቀጥኗል፣ ግን አላለቀም። ባዶ ቤቱ እያንዳንዷን ደቂቃ በቀዳ ቁጥር በሥሩ የነበረ የካሳሁን ድምፅ እየጠፋ ነው ማለት ነው። የሆነው ሁሉ ከመወለዴ በፊት የሆነ ነገር ነው፤ ያም ሆኖ አሁን እፊቴ የሚሆን ይመስል በልቤ «ይመለሱ፣ እትዬ፣ ወጡን ይተዉት» እል ነበር። ስድስት ደቂቃ። ሰባት። ጥቅልሉ ይቀጥናል። ስምንት ሊሞላ ሲል ኮቴ ተሰማ። ቀረበ። አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«…ብያታለሁ። በይ አሁን፣ አንቺ ለፍላፊ፣ ዝም ብለሽ ስሚ።»

የወንድ ድምፅ ነው። ወጣት፣ ሳቅ ያፈነው፣ ትንሽ ሻከር ያለ።

እትዬ ስንዱ አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ተነሡና ወደ ማእድ ቤት ሄደው የፍሪጁን ሶኬት ነቀሉ፤ ማጉረምረሙ እንዳያስቸግራቸው። ተመልሰው ቀኝ ጆሯቸውን ከድምፅ ማጉያው ጋር ሊያገናኙት ጥቂት እስኪቀር ጎንበስ አሉ።

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

«ይሄ ዚሩ ነው» አለ ካሳሁን። «አሁንም ያፈስሳል። አንቺ ስለሌለሽ የሚነዘንዘን የለም፣ ማንም አልቀየረውም።» በአሸዋ ላይ የሚሄድ እግር ተሰማ። የአህያ ጋሪ ጎማ እየተንቋቋ መጣ፤ ውሃ ሻጩ በርሜሉን በእንጨት እየመታ አለፈ። ሩቅ አዛን አለ፣ ቅርብ ሕፃናት ኳስ ይመታሉ። ከግንቡ ማዶ አንዲት ሴት በዐረብኛ ጮክ ብላ ተናገረች፤ በመካከሉ «ስንዱ» የሚል ቃል ሰማሁ።

«ሐጃ በቱል ናት፤ ይጠግባሉ ወይ እዚያ አገር ትልሻለች። ቀጥናለች ብያታለሁ። ይኸው ልታለቅስ ነው፣ ቆይ ልራቅ» አለና ሳቁ አመለጠው።

እትዬ ስንዱ ሳቁ። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው፣ ትከሻቸው እየተናጠ።

ከዚያ ካሳሁን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስንድዬ። ከወንዙ በኩል ሰማዩ ቀላ። እንደ ግንብ ቆሟል።»

ሕፃናቱ ዝም አሉ። ወፍ ዝም አለ። በሕይወቴ ብዙ ሺህ ሰዓት የተቀዳ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ግን በካሴት ላይ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ከተማ ትንፋሹን ሲይዝ ነው። ከዚያ አንድ ሰው «ሐቡብ!» ብሎ ጮኸና ግቢው ሁሉ ተነሣ። እትዬ ስንዱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «የአሸዋው ማዕበል ነው፤ አልጋውን ሊያስገቡ ነው» አሉኝ። አልጋ ሲጎተት፣ ሴቶች ሲጠራሩ፣ ቆርቆሮ በር ሲንቋቋ፣ በዚያ ሁሉ መካከል ሰዎች ሲስቁ ይሰማል። ነፋሱ መጣ። አሸዋው በሩ ላይ ወረደ፤ ጤፍ ከከፍታ በቆርቆሮ ላይ የሚፈስስ ይመስላል። ያለሁት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ምላሴ ላይ ግን አሸዋ የነካኝ መሰለኝ። ሱዳንን ረግጬ አላውቅም። ያቺ አመሻሽ፣ ያ ግቢ፣ እነዚያ የሚስቁ ሰዎች፣ በአንዲት ቀጭን ክር ላይ ዐርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ዘመን ተቀምጠው ነበር፤ አሁን ክፍሉን ሞሉት። መተንፈስ ድፍረት መስሎ ታየኝ።

«ካሴቱ ሊያልቅ ነው መሰለኝ» አለ ካሳሁን በነፋሱ ላይ እየጮኸ። «ባለፈው አገሩ ጸጥ ይላል፣ ጸጥታው ያስፈራኛል ብለሻል። ለዚህ ነው የቀዳሁልሽ። ጸጥ ሲልብሽ ይሄን ክፈቺና—»

ክሩ አለቀ። ማጫወቻው በራሱ ቆመ።

እትዬ ስንዱ ጠረጴዛውን እያዩ ተናገሩ።

«አሳልፌው ነበር።»

«ምኑን?»

«ይሄንን። ያን ጊዜ እዚህ ጋ ስደርስ፣ የካርቱም ጫጫታ ምን ያደርግልኛል፣ ስንት ለምኜ የወጣሁበት አገር አልኩና ወደፊት አጠነጠንኩት። መቼ እንደሚመጣ ብቻ ነበር መስማት የፈለግሁት። እሱን ሳይናገር ሲቀር ተናድጄ መልሱን ሞላሁ።» ቀና አሉ። «ያጠፋሁት የሰማሁትን ነው። ያልሰማሁት ተረፈልኝ።»

ስለ አቧራው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከካሴቱ ውስጥ የጠረግሁት ያንኑ የሐቡብ አሸዋ ሊሆን እንደሚችል፣ ሳላስብ መጣሌን ነገርኳቸው። ቅርጫቱን ልገለብጥ ስነሣ ያዙኝ።

«ተቀመጪ። አምስት ዓመት ሙሉ ያንን አቧራ ስጠርግ ነው የኖርኩት። አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ብትጠርጊልኝ ምን አለበት።»

ማምሻውን ሶስና ከሥራ ስትመለስ ገና እዚያው ነበርኩ። የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ቁጭ ብላ ሰማች። አጎቷ ስለ ሐጃ በቱል ሲናገር እየሳቀ ያቋረጠበት ቦታ ላይ ደግመሽ አሰሚኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። «እንደኔ ነው የሚስቀው» አለች በአማርኛ። ከዚያ እናቷን፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስለ ሱዳን ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ «ማሚ፣ ሐጃ በቱል ማን ናት?»

ይህን የምታነቡ፣ በእኔ ላይ የተለወጠው ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ትልቅ ነገር ነው የምለው የለኝም። አሁንም ዓይን አፋር ነኝ። ግን ሰው ሲያወራ «ጨረሰ» ብዬ የምነሣበት ፍጥነት ቀነሰ። እናቴ ከደሴ ስትደውል፣ ወሬዋን ጨርሳ ስልኩን ሳትዘጋው ከጎረቤት ጋር የምትነጋገረውን፣ በር የሚንኳኳውን፣ ዶሮ የምታባርረውን እሰማለሁ፤ ድሮ ያንን ጊዜ ማባከን እለው ነበር። ለትልቅ ሰው መታዘዝ ጥሩ ነው ብዬ አድጌያለሁ፣ አሁንም ነው እላለሁ። አንዳንዴ ግን በሚያዘን ሰው አፍ የሚናገረው ሐዘኑ ነው፤ እሱን ትንሽ ማስጠበቅ ነውር አይመስለኝም። ቤታችሁ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ካሴት ካለ ደግሞ ባዶ ነው አትበሉት። እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ አትፍረዱበት።

በሳምንቱ ቅጂውን ይዤላቸው ስሄድ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። የእሳቸውን ንግግርና ያንን ባዶ ቤት ቆርጬ አውጥቼ፣ በቀጥታ ከካሳሁን የሚጀምር ላድርግላቸው ወይ አልኩ። ቀላል ሥራ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«እንዳትነኪው» አሉ። «አንዴ አሳልፌዋለሁ፤ ሁለተኛ አላሳልፈውም። ተራዬን ጠብቄ ነው የምሰማው።»

አሁን አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብሬያቸው ወደ ፊትዝሮይ እሄዳለሁ። ፍሪጁን ይነቅላሉ። ልጂቱ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃዋን ታወራለች፤ እሳቸውም «ምን ዓይነት ለፍላፊ ነበርኩ» ይላሉ። ከዚያ ወንበሩ ይንቀሳቀሳል፣ ኮቴው ይርቃል፣ እኛም ስምንቱን ደቂቃ ምንም ሳንነጋገር ቁጭ እንላለን።